ደቻቱ የራሱ መሬት ይተውለት፦ ስለ ድሬ ጎርፍና ሙቀት በግልጽ እንነጋገር

ደቻቱ_ማዶ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ። ክረምቱ እየመጣ ነው። ሐምሌ ሳይገባ አንድ ነገር ላይ በደንብ እንድንነጋገር ፈለግኩ።

ከተማችንን ድሬዳዋን መሃል ለመሃል የሚቆርጠው ደረቁ ወንዝ ደቻቱ ያመጣውን የ1998ቱን ጎርፍ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ደግሞ ቤት አልባ ሆነ። ዋናው ውሃ የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ሰው ተኝቶ ነበር። ማንም ስልክ ደውሎ «ውሃ እየወረደ ነው፣ ውጡ» አላለውም።

ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ተደረደረ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ግንቡ ካለቀ ወዲህ ሰው «አሁንማ ምን ይመጣል» እያለ ወደ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ተጠግቷል። ዛሬ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። ባጃጅ ይታጠባል፣ ልባሽ ይሸጣል፣ አሸዋ ይጫናል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከዳር ደግሞ ዘንድሮ በቆርቆሮ የታጠረው በሚቀጥለው ዓመት በብሎኬት ይታጠራል። ከዚያ መብራት ይገባለታል። መብራት ከገባ ማን ያነሳዋል?

አቋሜን ልናገር። ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት መሬት በከተማው ፕላን ላይ በግልጽ ይከለል፣ ለወንዙም ይተው። ካርታ አይሰጥበት፣ ቤት አይሠራበት። የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ነው፣ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም። እኛ ግን ከተማ የምንሠራው ወንዙ የለም ብለን ነው። ምን ትላላችሁ?

የቀፊራ_ነጋዴ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ልክ ነው፤ ግን የምትይው ነገር የሚጎዳው ማንን እንደሆነ አስቢ። አሸዋው ላይ የሚሸጠው ሰው ሱቅ የመከራየት አቅም ቢኖረው እዚያ አይወርድም ነበር። ዳር ላይ የሠራውም ሞት ወዶ አይደለም። ከጎርፉ በኋላ የተነሱ ሰዎችን አውቃለሁ። ቤት ተሰጣቸው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ከገበያው ራቀ። ጠዋት ቲማቲም ተቀብላ እስከ ማታ የምትሸጥ ሴት ለባጃጅ የምትከፍለው ትርፏን ከበላው ምን ታድርግ? ቤቱን አከራይታ ተመልሳ መጣች። እኔ እሷ ላይ አልፈርድም።

«ለወንዙ ይተው» ማለት ቀላል ነው። ለሰውየውስ ምን ይተው? እሱን ንገሪኝ።

ደቻቱ_ማዶ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ገበያው ይነሳ አላልኩም። በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ላይ በዳስ መሸጥ ማንንም አይገድልም። የሚገድለው እዚያ ማደር ነው፣ በተለይ በበልግና በክረምት። ዳስ ተነቅሎ ይሄዳል። የብሎኬት ቤት አይነቀልም። ስለዚህ መነጋገር ያለብን «ሰው ይጠጋ አይጠጋ» በሚለው ላይ አይመስለኝም። ምን ዓይነት ነገር፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ቤት የሚሰጠው ሰው ደግሞ በእግሩ ገበያ የሚደርስበት ቦታ ይሰጠው። መሃል ከተማ ውስጥ ባዶ የታጠረ መሬት ሞልቷል እኮ።

ዘኢንጂነር

የውሃ መሐንዲስ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ ተወልጄ ያደግኩት ግን እዚያው ድሬ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው። ጥቂት ነገር ልጨምር።

«የ50 ዓመት ጎርፍ» ሲባል ብዙ ሰው በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ከርሞም ሊደግም ይችላል። አንድ ሰው እዚያ ዳር ቤት ሠርቶ 30 ዓመት ቢኖር ያንን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 45 በመቶ ገደማ ነው። ካልኩሌተር ያለው ይሞክረው። ማንም ወላጅ ልጆቹን በዚህ ዕድል ላይ አያሳድርም። ቁጥሩን የነገረው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው፣ ይህ ስሌት የተሠራው በትናንቱ ዝናብ ነው። የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከባዱ የአንድ ቀን ዝናብ በአማካይ 7 በመቶ ያህል ይበረታል። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ሲለቀውም አንዴ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ትናንት የ50 ዓመት ያልነው ጎርፍ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ግንቡ ግን ያው ግንብ ነው።

እንዲያውም ያው አይደለም፣ ያጥራል። ደቻቱ ከላይ የሚያመጣውን ደለል ሜዳው ላይ ሲደርስ ይጥለዋል። አልጋው ከፍ ሲል የግንቡ ቁመት በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሸዋ መዛቁ ታዲያ ጥሩ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። በሥርዓት ከሆነ አዎ፣ መሃሉ ላይ ከሆነ። ግን መኪና የሚቀርበው ከዳር ነው፣ የሚዛቀውም ከግንቡ እግር ሥር ነው። መሠረቱ ራቁቱን ይቀራል። በሚቀጥለው ጎርፍ ግንቡ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይሄዳል።

ሳቢያን_ልጅ

አቦ እውነት ነው! ሳቢያን አካባቢም ዲቹን ሄዳችሁ እዩት። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የተቀደደ ጫማ። ትንሽ ዝናብ ሲጥል ውሃው ዲቹን ትቶ በአስፋልቱ ነው የሚሄደው። ባለፈው እኛ ሰፈር ልጆች ተሰብስበን ጠረግነው፣ የወጣው ቆሻሻ አይሱዙ ይሞላል። በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ። ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና በሰዓቱ ካልመጣ ሰው የት ይጣለው?

ጅዳ_የኖርኩ

እኔ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ድሬ ነኝ። ስለዚህ ነገር ከጅዳ የምንማረው አለ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 ጅዳን ጎርፍ መታት፣ የሐጅ ሰሞን ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው መኪናውን እንደ ቆርኪ የለቀመው። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። በጣም የተጎዳው ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር ነበር፣ በስተምሥራቅ። ለምን? ዋዲ ላይ ነው የተሠራው። ዋዲ ማለት እንደ ደቻቱ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ፣ ከተራራ ሲመጣ ግን ወዮ! መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ተሸንሽኖ ተሸጠ። ድሃውም የውጭ ሠራተኛውም እዚያ ነበር የሚኖረው፣ ኪራዩ ርካሽ ነው። በ2011 ደገመ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥታቸው የነቃው። ከከተማው በላይ ግድቦች ሠሩ፣ ውሃውን ወደ ባሕር የሚወስዱ ቦዮች ከፈቱ።

አሁን ይህን ስሙ። ኅዳር 2022 ጅዳ ላይ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ፣ ከ2009ኙ በጣም ይበልጣል። የሞተው ሁለት ሰው ነው። መንገዱ ተጥለቀለቀ፣ መኪና ተበላሸ፣ ግን ሰው ተረፈ። ትምህርት ቤት አስቀድሞ ተዘጋ፣ በረራ ተራዘመ። ማስጠንቀቂያው ስልክ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ግንብም ግድብም ይሠራል፣ አናጣጥለው። ገንዘቡ ካለ ማለቴ ነው።

ዘኢንጂነር

እህታችን የሰጠችው ምሳሌ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም ሥራ ላይ እጠቅሰዋለሁ። ግን ከጎኑ ደርናን እናስቀምጥ።

ደርና የሊቢያ ከተማ ናት፣ ዋዲ መሃሏን ይቆርጣታል፣ ልክ እንደ ድሬ። በላይዋ ሁለት ግድቦች ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ። ከተማው በእነሱ ተማምኖ ዋዲው ዳር ፎቅ አቆመ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ዳንኤል የሚባለው ማዕበል መጣ። ጥገና አጥተው የከረሙት ግድቦች በሌሊት ተደረመሱ፣ የመሃል ከተማውን ሰፈር ከነሰዉ ወደ ባሕር ወሰዱት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ያለቀው። ግድቡ ባይኖር ሰዉ ያን ያህል ዋዲው ውስጥ አይገባም ነበር። ጅዳና ደርና ላይ የታየው ልዩነት ከኮንክሪቱ ውፍረት አይደለም። አንዱ ጋ በየዓመቱ የሚጠርግ፣ የሚጠግንና የሚያስጠነቅቅ ሰው አለ፣ ሌላው ጋ አልነበረም።

የእኛ አገር የጥገና ባጀት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ስለዚህ እኔ ከደቻቱ_ማዶ ጋር ነኝ። ማንም ሳይጠግነው የሚሠራው መከላከያ ባዶ መሬት ብቻ ነው። ባዶ መሬት አይደረመስም። ውሃው ሲመጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አሸዋው ውስጥ ገብቶም የጉድጓድ ውሃችንን ይሞላል። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ መሆኑን አንርሳ። ጎርፉን በሙሉ በኮንክሪት ቦይ አጣድፈን ብናሳልፈው ነገ የምንቀዳውን ነው ያሳለፍነው።

የቀፊራ_ነጋዴ

ባዶ መሬት አይደረመስም፣ ልክ። ግን ይወረራል ወንድሜ። ዛሬ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ይከለልና ነገ አንዱ ባለ ገንዘብ ካፌ ይከፍትበታል። ድሃው ተነስቶ ሀብታሙ ከገባ እኛ ሰፈር ማንም ሁለተኛ አያምናችሁም። አዲስ አበባም ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ሸገር_ዳር

የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፣ ክሩን ሳነብ አላስችል አለኝ። የቀፊራ_ነጋዴ ያነሳው ነገር እኛም ጋ አለ። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአንድ ከሰዓት ዝናብ ሰባት ሰው ሞተብን። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ደግሞ ታች 2,100 አካባቢ። ላይ የተነጠፈው አስፋልትና ኮብልስቶን ሁሉ ውሃውን ታች ላለው ድሃ ነው የሚልከው። ላይ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ያደረገው ሰው ምንም አይደርስበትም። ግቢው ግማሹ አፈር ሆኖ እንዲቀር ማስገደድ ለምን ከባድ እንደሆነ አይገባኝም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ መስመር መጨመር ነው።

የደንገጎ_ልጅ

ሁላችሁም ስለ ታች ታወራላችሁ። ስለ ላይ ማን ያውራ?

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ከድሬ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ፣ ከደንገጎ በላይ ያሉ ቀበሌዎች ውስጥ ሠርቻለሁ። ደጋው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በዚህ አጭር ርቀት ውሃው ያን ሁሉ ከፍታ ይወርዳል። ዳገቱ ላይ ዛፍ ሲኖር ውሃው እያረፈ ነበር የሚወርደው። አሁን ተራራው ተራቁቷል። ለከሰል ተቆርጧል። ከሰሉን የሚገዛው ደግሞ ድሬ ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። እርከን በተሠራበት፣ ከብት ባልገባበት ቦታ ሳሩ ተመልሶ ሲበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ገበሬው ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ሲደረድር የሚያርሰውን ቀን ነው የሚያጣው። የሚጠቀመው ታች ያለው ከተማ ነው። ታዲያ ከተማው ለምን አይከፍለውም?

የላይና የታች ነገር እንዴት እንደተሳሰረ ሐረማያን እዩ። ሐይቁ በመስኖ ተቀድቶ፣ በደለል ተሞልቶ ደረቀ። ሐረር ከዚያ ነበር የምትጠጣው። ሐይቁ ሲጠፋ ከየት መጣላት? ድሬ አጠገብ ከአሰሊሶ ጉድጓድ ተቆፍሮ ወደ ላይ በፓምፕ ተገፋ። ተራራው ላይ የነበረውን ውሃ አጥተን ከቆላ መልሰን ወደ ተራራ እንገፋለን፣ ያውም በመብራት ኃይል። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት መመለስ መጀመሩ ትልቅ ተስፋ ነው። ሰው ከተንከባከበው መሬቱ እንደማይጨክን ያሳያል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ትልቅ ማሽን አትጠብቁ። ጎርፉ ከላይ ተነስቶ ከተማ እስኪገባ ጊዜ አለ። ብዙ አይደለም፣ ግን ልጅ አቅፎ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት ይበቃል። ላይ ያለ ገበሬ ሁሉ ስልክ አለው። በየሸለቆው ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ፣ ካርድ ተሞልቶለት፣ ለማን እንደሚደውል ከታወቀ፣ ታች ደግሞ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በድምፅ ማጉያቸው ከነገሩት ሰው ይወጣል። በሌሊት የሚሰማው እሱ ነው። ኤስኤምኤስ ተኝቶ ማን ያነባል?

ጅዳ_የኖርኩ

የመስጊዱ ሐሳብ በጣም ትክክል ነው። ደቻቱ ዳር ስንት መስጊድ አለ! አዛን የሚሰማ ሁሉ ይሰማል።

ሲስተር_ከ

እኔ ነርስ ነኝ፣ ጎርፉን ተዉትና ስለ ሙቀቱ ልናገር። ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይገድላል፣ ዜናም ይሆናል። ሙቀት ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲበስሉ አድረው ጠዋት ራሳቸውን ስተው የሚመጡ። ካርዳቸው ላይ «ሙቀት» ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ ማንም አይቆጥራቸውም።

ሕንድ አገር አሕመዳባድ የምትባል ከተማ አለች፣ እንደኛ ሞቃት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2010 በነበረው ሙቀት ከወትሮው በተጨማሪ ከ1,300 በላይ ሰው ሞተባቸው። ከዚያ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጡ። ትልቅ ገንዘብ አልጠየቀም። ሙቀቱ ከተወሰነ ዲግሪ ሲያልፍ ለሕዝብ ይነገራል፣ ሐኪም ቤቶች ይዘጋጃሉ፣ ውሃ በየአደባባዩ ይቀርባል፣ የድሃ ሰፈር ጣሪያ በነጭ ኖራ ይቀባል። ነጭ ጣሪያ ፀሐይን ይመልሳል፣ ቤቱ ውስጥ ቁርጥ ያለ ልዩነት አለው። ኖራ ድሬ ጠፍቶ ነው?

ደግሞ ከዚራ የሚባለውን የድሮ ሰፈራችንን ከአዲሶቹ ሰፈሮች ጋር አወዳድሩ። ከዚራ በባቡሩ ዘመን ሲቀየስ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ተተከለለት። በቀትር እዚያ መሄድ ይቻላል። አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ግን ከቤት እስከ ታክሲ ድረስ አንዲት ጥላ የለችም። ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ዛሬ ለምን ይረሳል? የምሬን ነው የምጠይቀው፣ ያናድደኛል።

ሳቢያን_ልጅ

ዛፍማ በየክረምቱ ይተከላል ሲስተር። የት ይደርሳል ነው እንጂ! ጥቅምት ላይ ሄደሽ ብታዪው ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹን ፍየል በልቶታል።

የደንገጎ_ልጅ

ምን እንደሚተከልም ይታሰብ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው የገባው ይባላል፣ በረሃን ይከላከላል ተብሎ። ዛሬ አፋርንና ሶማሌን የግጦሽ መሬት አሳጥቷል፣ እሾሁ የባጃጅ ጎማ ይበሳል፣ ሥሩን ቆፍረህ አትጨርሰውም። በቅን ልብ የተተከለ ነው። ኒም ጥሩ ጥላ አለው፣ ድርቅም ይችላል። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ቀይ አበባውም ጥላው ሰፊ ነው፣ ግን ሥሩ የእግረኛ መንገድ ያነሳል፣ ስለዚህ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ዛፍ ለአንድ ቤት ይሰጥ። በርህ ላይ ያለውን አንተ ነህ የምታጠጣው። የሁሉም የሆነ ዛፍ ይደርቃል።

ሲስተር_ከ

እስማማለሁ። የምግብ ቤትና የሱቅ ባለቤቶችም ደጃቸው ላይ ቢጀምሩ ደንበኛ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይመጣል።

ዘኢንጂነር

አንድ ልንጀምረው የምንችል ነገር ልጠቁም። በ1998 ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት አሉ። ግድግዳቸው ላይ ምልክቱን ያዩ፣ «እስከዚህ ሞልቶ ነበር» የሚሉ። እያረጁ ነው። ቤት ለቤት ዞረን ብንጠይቃቸው፣ በሜትር ብንለካውና ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም መስመር ብናሰምር ሦስት ጥቅም አለው። ልጆች ያዩታል። ቤት የሚከራይ ሰው ያየዋል። ለፕላን ባለሙያው ደግሞ በኮምፒውተር ከሚሠራው ካርታ ጎን የሚያስቀምጠው እውነተኛ ልኬት ይሆንለታል። የልኬት መሣሪያ ከጓደኛዬ አመጣለሁ፣ ለሥራው ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ።

የቀፊራ_ነጋዴ

መስመሩ ሲሰመር የቤት ዋጋ ይወድቃል፣ ባለቤቶቹ እሺ አይሉም። ይህን ካሁኑ እወቁት። ደግሞ መስመሩን ይዞ የሆነ ቢሮ «ተነሱ» ብሎ ቢመጣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ቢሆንም እኔ አልቃወምም። እኛ መስመር ላይ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች እኔ አናግራቸዋለሁ፣ እኔን ያምኑኛል። ግን ከቀለሙ በፊት ወረቀት ይዘጋጅ። ሰው ከተነሳ ምትክ ቦታው ከገበያ በእግር ከሚኬድበት እንዳይርቅ፣ የተለቀቀው መሬት ለማንም በሊዝ እንዳይሰጥ የሚል ጥያቄ ከነፊርማችን ለወረዳው ይግባ። ያለዚያ እኔ አልገባበትም።

ደቻቱ_ማዶ

ተስማምቻለሁ፣ ወረቀቱ ይቅደም። ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ አርሙት። የገበያውንም ሰዓት እናስገባበት፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም ማንም አሸዋው ላይ እንዳያድር፣ ዕቃውንም ማታ ማታ የሚያስቀምጥበት መጋዘን ከተማው እንዲሰጠው። የደንገጎ_ልጅ፣ ላይ ካሉት ቀበሌዎች ስልክ የሚይዙልንን ሰዎች ማግኘት ትችላለህ? ጅዳ_የኖርኩ፣ አንቺ መስጊዶቹን ብታናግሪ፣ እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኖቹን።

የደንገጎ_ልጅ

እችላለሁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ብዙዎቹን አንድ ላይ አገኛቸዋለሁ። የካርዱን ገንዘብ ግን ካሁኑ አዋጡ፣ ገበሬው በኪሱ እየደወለ እንዲያድነን አንጠይቀው።

ጅዳ_የኖርኩ

መስጊዶቹን ለእኔ ተዉት። የካርዱንም የመጀመሪያውን ወር እኔ እሸፍናለሁ።